ስም ያልወጣላት ሕፃንና የስንዱ ድምፅ

ልጄ ሰናይት የኮምፒዩተር ሰው ናት። አዲስ አበባ ትሠራለች፤ በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ አሶሳ መጥታ ትጠይቀኛለች። ባለፈው ስትመጣ ምሳ እየበላን እንደ ልማዴ ነካ አደረግኳት። «እኔስ አያት ሳልባል ልሞት ነው?» አልኳት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ እናት ደግሞ ካልነዘነዘች እናትነቷ ምኑ ላይ ነው?

ሳቀች። «እማዬ፣ አንድ ቀን እኮ ሰው መውለድ ላያስፈልገው ይችላል» አለችኝ። «ማሽን ውስጥ የሚፈጠር አእምሮ ይመጣል። ያወራሻል፣ ይማራል፣ ያንቺን ነገር ሁሉ ወርሶ ይቀጥላል። ወባ አይዘው፣ አይሞትብሽ። ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ወር መሸከም ምን ያደርጋል?»

ምግቡን ትቼ ተነሳሁ። ሰናይት የልጅ ልጅ አምሮኝ የተቆጣሁ መሰላትና ጓዳ ድረስ ተከትላኝ ይቅርታ ጠየቀችኝ። አልተቆጣሁም። «አይሞትብሽ» ያለችው ነው ያስነሳኝ። በማግስቱ ለእሷ የነገርኳትን፣ አርባ ዓመት ገደማ ለማንም ያልተናገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ስትሰሙ ትፈርዱብኝ ይሆናል። ፍረዱ፤ እኔም ፈርጄ ጨርሻለሁ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የደሴ ልጅ ነኝ። ማትሪክ ወድቄ ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ተባልኩና ከወሎ የመጡ ሰዎች ወደ ሰፈሩበት፣ ከአሶሳ በመኪና ሁለት ሰዓት ወደሚርቅ መንደር ተላክሁ። ያኔ የሰፈራ መንደሮች ቁጥር እንጂ ስም አልነበራቸውም። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ግድግዳቸው ቀርከሃ፣ ክዳናቸው ሣር፤ በመስመር ተደርድረው ስለቆሙ የመጀመሪያው ሰሞን የጎረቤቱን ቤት የራሱ መስሎት የሚገባ ሰው ብዙ ነበር። ሰዉ በድርቁ ዘመዱን ቀብሮ፣ የተረፈውን ይዞ ወደማያውቀው ቆላ የመጣ ነው። እኔ ግን ገና ልጅ ነበርኩ። የሰው ሐዘን በጥቂት ብልሃት የሚቃለል ይመስለኝ ነበር።

የማስተማሪያ ዘዴያችን ጥያቄና መልስ ነበር። አስተማሪ ይጠይቃል፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ተማሪው ይመልሳል። ከጠመኔና ከጥቁር ሰሌዳ ሌላ አንድ ቴፕ፣ አንድ ካሴትና አንድ ድምፅ ማጉያ ተሰጥቶኝ ነበር። የበላይ አለቆች ሊጎበኙን ሲመጡ የሰፋሪ ልጆች ፊደል ሲቆጥሩና ስለ አዲሱ ኑሯቸው ሲናገሩ እንዲሰሙ ልጆቹን ቅጂ ተባልኩ። ከሁሉም የምትጣፍጠዋ ስንዱ ነበረች።

ስንዱ የዓለሚቱና የደምሴ ልጅ ናት። ሁለት ታላላቆቿ ገና ወሎ ሳሉ በረሀቡ ሞተዋል፤ ለቤቱ የቀረችው እሷ ነበረች። በካሴቱ ላይ የጠየቅኋትንና የመለሰችውን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ስምሽ ማነው?»

«ስንዱ ደምሴ።»

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«እኔ እንጃ። እማዬን ጠይቂያት።»

«ቆመሽ ደከመሽ? እግርሽን አመመሽ?»

«አይ፣ ደህና ነኝ።»

«ፊደሉን መቼ ትጨርሻለሽ?»

«ነገ!»

«ስታድጊስ ምን ትሆኛለሽ?»

«ትራክተር እነዳለሁ። እማዬን እጭናታለሁ። አባዬ በእግሩ ይምጣ፣ እሱ ጠንካራ ነው።»

ከዚያ እኔ ስስቅ ይሰማል፣ እሷም ስትስቅ።

ክረምቱ ሲገባ ወባ ያዛት። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ዓለሚቱ ያኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። በመስከረም ሴት ልጅ ወለደች።

በሀገራችን ልጅ ሞቶ ልጅ ሲተካ ምን ተብሎ ስም እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። ምትኬ፣ ካሳ፣ ማስረሻ፣ ተተካ። ጎረቤቶቿ ተሰብስበው «ማስረሻ በያት» አሏት። ዓለሚቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች «ማንን ነው የምታስረሳኝ?» አለች። ሌላ ስምም አላወጣችላትም። ስታለቅስ ጡቷን ትሰጣታለች፣ ግን ቁልቁል አታያትም ይሉ ነበር። ሰዉ «አራስ ናት፣ ይለፍላታል» ብሎ ተወው።

እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው ሕፃኗ በተወለደች በሁለት ሳምንቷ ነው። አለቆች በሳምንቱ መጨረሻ ይመጣሉ ተባለና ድምፅ ማጉያው መሥራቱን ልሞክር ብዬ ካሴቱን ከተትኩ። ምን እንዳለበት አላሰብኩም ነበር። ሰው ሁሉ ማሳ ላይ ነው፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ በመንደሩ ሁሉ ላይ «ስንዱ ደምሴ» የሚል ድምፅ ጮኸ።

ደንግጬ ቁልፉን ስፈልግ አንዲት ሴት እየሮጠች መጣች። ዓለሚቱ ነበረች። ነጠላ የለ፣ ጫማ የለ፤ አራስ በአሥራ አራት ቀኗ ከቤት ወጥታ በፀሐይ ትሮጣለች። ከኋላዋ ሁለት አሮጊቶች «ኧረ ያዟት፣ አራሷ ወጣች!» እያሉ ይከተላሉ። እሷ ድምፅ ማጉያው የተሰቀለበትን እንጨት ዞረችው፤ ከበስተጀርባውም አየች።

«የት አለች?» አለችኝ።

«እትዬ ዓለሚቱ፣ ካሴት ነው። ያኔ ቀድቻት ነበር። ይቅርታ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አንዴ አሰሚኝ። አንዴ ብቻ። ልጄ ትሙት፣ ሁለተኛ አልልሽም።»

በየትኛዋ ልጇ እንደማለች አልጠየቅኋትም። ክፍሉ ውስጥ አስገብቼ ድምፁን ቀንሼ አሰማኋት። ስንዱ «እማዬን ጠይቂያት» ስትል ዓለሚቱ «ስድስት ነው የኔ ዓለም፣ ስድስት ዓመትሽ ነው» ብላ መለሰችላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። ስንዱ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። አሮጊቶቹ ደጋግፈው ወሰዷት።

ያን ቀን መተው እችል ነበር። ካሴቱን ደብቄ «ባትሪው አለቀ» ብል ነገሩ እዚያ ያበቃ ነበር። ግን ሳቋ ልቤን ነካው፤ አንድ ቁምነገር የሠራሁ መሰለኝ። በማግስቱ ሕፃኗን ለጎረቤት ትታ ስትመጣ፣ እንዲያውም አንድ ብልሃት አዘጋጅቼ ጠበቅኋት። የኔ ጥያቄ ሲደርስ ቁልፉን ጫን አድርጌ ቴፑን አቆማለሁ፤ ዓለሚቱ ራሷ ትጠይቃለች፤ ስለቀው ስንዱ ትመልሳለች። እንደ ትምህርቱ፣ ጥያቄና መልስ።

«ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ ስንዱዬ?» ትላለች እናቷ።

«ትራክተር እነዳለሁ። እማዬን እጭናታለሁ።»

«ጫኚኝ እናቴ፣ ጫኚኝ።»

አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ ደገምነው። ከዚያ ዓለሚቱ ካሴቱ ላይ የሌለ ነገር ጠየቀች። ወደ ቴፑ ጎንበስ ብላ «ስንዱዬ፣ ያለሽበት አይበርድሽም?» አለች። ዓይኖቿን አንስታ እኔን አየችኝ፤ መልሱን ትጠብቃለች።

እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት። «ይህ የለም» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ክሩን ወደ ኋላ መለስኩት፤ የምፈልገውን ቦታ አገኘሁና ለቀቅሁት።

«አይ፣ ደህና ነኝ።»

ዓለሚቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እንባዋ በጣቶቿ መሃል ወረደ። «ደህና ነኝ አለችኝ» አለች። «ሰማሻት አይደል? አይበርዳትም።» ቀጥላም በሹክሹክታ «መቼ ነው የምትመጪው?» ብላ ጠየቀች።

እጄ እኔን አልጠበቀም። ሰው በእናንተ ምክንያት ደስ ሲለው ማየት እንደ ሱስ ነው፤ የያዘው ያውቀዋል። ክሩን ወደ ፊት አስኬድኩት።

«ነገ!» አለች ስንዱ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክፍሉን ልከፍት ስመጣ ዓለሚቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ ያላትን አንድ ንጹሕ ቀሚስ ለብሳለች። የቀሚሷ ደረት በሁለት ቦታ ርሷል። ጡቷ አግቶ እየፈሰሰ ነበር።

«እትዬ ዓለሚቱ፣ ሕፃኗን አላጠባሻትም?»

«ስንዱ ዛሬ እመጣለሁ ብላለች። መጥታ ብታጣኝስ?»

በሩን ከፈትኩና ውስጥ አስገባኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩና እውነቱን ነገርኳት። «እኔ ነኝ ያደረግኩት። ‹ነገ› ያለችው ስለ ፊደሉ ነው። ቃሏን ከሌላ ቦታ አምጥቼ ነው ያሰማሁሽ። እሷ አልመለሰችልሽም።»

አዘነችልኝ እንጂ አልተቆጣችኝም። «አንቺ ልጅ» አለችኝ፣ «ወልደሽ አታውቂ። የልጄን ድምፅ አላውቀውም?»

«ድምፁ የሷ ነው። መልሱ ግን የኔ ነው።»

«ድምፁ የሷ ከሆነ በቃኛል።»

ያን ጊዜ ሐዋ መጣች። ሐዋ ከሰፈራው ማዶ ካለው የበርታዎች መንደር ባሚያና ማንጎ ይዛ የምትመጣ፣ አማርኛ ገና እየለመደች ያለች ሴት ናት። ዓለሚቱ ከወለደች ወዲህ ብቅ እያለች ትጠይቃት ነበር። በክንዷ ላይ ሕፃኗን ታቅፋለች።

«አስተማሪ» አለችኝ፣ «ይሄ ልጅ ጥሩ አይደለም። ትኩስ ነው። ሌሊት ሁሉ አልቅሷል፣ አሁን ዝም አለ። እኔም ልጅ አለኝ፣ ጡት አለኝ፤ ሰጠሁ፣ አልጠባም። ወላሂ፣ እናቱን ይፈልጋል።»

ዓለሚቱ ቀና አላለችም። «ቆይ ሐዋ፣ አስቀምጫት። ልጄን እየጠበቅሁ ነው» አለች።

ሐዋ ቴፑን በአገጯ አሳየችን። «ያ ሳንዱቅ ይናገራል። ይሄ ልጅ ዝም ይላል። ዝም የሚል ልጅ ነው የሚያስፈራ።»

ሕፃኗን ተቀበልኳት። ክብደት የላትም። ግንባሯ ያቃጥላል፤ ከንፈሯ ደርቆ በዝግታ የሌለ ጡት ትፈልጋለች። ለዓለሚቱ ላስታቅፋት ስሞክር እጆቿን አጣጠፈች። «አሰሚኝና እይዛታለሁ» አለች። አሰማኋት፤ አልያዘችም። «አንዴ ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩ። እንዲህ እያልን ስንት ደቂቃ እንዳባከንን አላውቅም። ያ ደቂቃ ዛሬም ይቆጨኛል።

የጎረቤት ሰው ጠርቶት ደምሴ ከማሳ መጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ስንዱ ከሞተች ወዲህ በክፍሌ ደጃፍ አልፎ አያውቅም፤ ካሴቱንም አንዴ እንኳ ሊሰማ አልመጣም ነበር። ሕፃኗን በኔ ክንድ ላይ አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ቴፑን አየ።

«አስተማሪ፣ ይሄ ነገር ይጠፋል?» አለኝ።

«ማጥፋት?»

«ድምፁን። አጥፊው።»

«አያ ደምሴ፣ ከጠፋ አይመለስም። ሌላ የለም።»

«አውቃለሁ። እኔም አባቷ ነኝ። አንዴ እንኳ አልሰማኋትም። ብሰማት አልነሳም ብዬ ነው። አጥፊው ልጄ፤ ይህችኛዋ አልሞተችም።»

ዓለሚቱ ቴፑን በሁለት እጇ አቀፈችው። ደምሴ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቃቸው፤ እሱም እያለቀሰ ነበር። ሕፃኗን ለሐዋ ሰጠሁ፤ ክሩን ወደ መጀመሪያው መልሼ ቀይዋን ቁልፍ ተጫንኩ። ያቺን ቁልፍ ሲጫኑ ክሩ በፊት የነበረበትን እየደመሰሰ በክፍሉ ውስጥ ያለውን አዲስ ድምፅ ይቀዳል። ክሩ ሲዞር አየሁት። ዓለሚቱ የጮኸችውን ጩኸት ልጽፈው አልችልም። ከጩኸቷ በኋላ ሐዋ ክንድ ላይ ያለችው ሕፃን፣ ምናልባት ደንግጣ፣ ቀጠን ባለ ድምፅ አለቀሰች።

ያን ጊዜ ዓለሚቱ ዞረች። ልክ ከእንቅልፏ እንደነቃች ሴት ነበረች። «ስጭኝ» አለቻት ሐዋን። ታቀፈቻት፣ ቀሚሷን ቀደደችው እንጂ አልፈታችውም፣ ጡቷን አጎረሰቻት። ሕፃኗ ጠባች። ሁላችንም ስትውጥ እያየን፣ ሳንተነፍስ ቆምን። ደምሴ መሬት ላይ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት! ጤና ረዳቱ መጥቶ ያለውን መድኃኒት ሰጣት። ወደ አሶሳ የሚወስደውን መንገድ ጎርፍ ቆርጦታል፤ የመንደሩ ትራክተር ሊያሻግራቸው ሄዶ ተመለሰ። ዓለሚቱ ሙሉ ቀንና ሙሉ ሌሊት ሕፃኗን ከጡቷ አልነጠለችም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሕፃኗ ሞተች። አሥራ ሰባት ቀኗ ነበር። ጤና ረዳቱ «ወባው ጠንቶባታል፤ ቀድማ ብትጠባም ላትተርፍ ትችል ነበር» አለኝ። «ላትተርፍ ትችል ነበር» አለ እንጂ «አትተርፍም ነበር» አላለም። ያቺን ቃል ስንት ሌሊት አገላብጫታለሁ።

ክርስትና አልተነሳች፣ ፍትሐት የላት። ከስንዱ አጠገብ ቀበሯት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ለመሆኑ ስሟ ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ለሰናይት የምመልስላት ምንድን ነው? ማሽን ውስጥ አእምሮ አይፈጠርም አልላትም፤ ምን አውቄ? ያቺ ቴፕ አእምሮ አልነበራትም፤ የነበራት የኔ ጣት ነው። የነሰናይት ማሽን ግን አንድ ቀን ከልቡ ያስብ፣ ከልቡም ይመልስ ይሆናል። መውለድ ያልፈለገችም አትውለድ፤ እኔ በነዘነዝኩ ቁጥር ማህፀን አይከፈትም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናት። የሚሞተውን ለመተካት ብላችሁ ማንንም አትፍጠሩ። ከሥጋም ይሁን ከብረት።

ጥፋቱን ሁሉ በቴፑ ላይ ብጭነው ይቀለኝ ነበር። ግን እኛስ ምን ነበር ያልነው? ያቺን ሕፃን ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላት «ማስረሻ ትሁን» አልን። ራሷን ሆና እንድትኖር የፈለገ ሰው አልነበረም። እናቷ የሞተችውን ፈለገች፣ ጎረቤት የሚያስረሳ ፈለገ፣ እኔ የዓለሚቱን ሳቅ ፈለግሁ። ነገ የሚፈጠረው አእምሮም፣ እውነት አእምሮ ከሆነ፣ የሌላ ሰው ምትክ ሁን ተብሎ ሲፈጠር ያሳዝነኛል። ሰናይት ይህን ስነግራት እጄን ያዘችኝ። እኔም ስለ ልጅ ልጅ ዳግመኛ ላልነዘንዛት ቃል ገባሁላት። ቢከብደኝም እስካሁን ጠብቄዋለሁ።

የቀረኝን ደግሞ ልጨርስ፤ ይህን ለሰናይትም አልነገርኳትም። ከቀብሩ በኋላ አንድ ሳምንት ካሴቱን አልነካሁትም። ከዚያ ጠፍቶ እንደሆነ ልይ ብዬ ከፈትኩት። የስንዱ ድምፅ የለም። ቀይዋን ቁልፍ ስጫን ቴፑ የክፍሉን ድምፅ ቀድቷል፤ የዓለሚቱ ጩኸት አለ፣ ከዚያ የሕፃኗ ልቅሶ። ቀጭን፣ ሦስት ጊዜ ቆረጥ ቆረጥ እያለ። ዘግቼ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

በአርባው ገደማ ዓለሚቱ ወደ ክፍሉ መጣች። ቂም የላትም ነበር፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ተማሪዎች የሚቀመጡበት ግንድ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ፣ «የዚችኛዋንስ ድምፅ ይዘሻል?»

«የለኝም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «አንቺ ግን ሰምተሻታል» አለችኝ። «እኔ ያኔ አላዳመጥኳትም። ስታለቅስ እንዴት ነበረች? ንገሪኝ እስቲ።»

ሳጥኑ ከኋላዬ ነበር፤ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ። እጄን ከኪሴ አወጣሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቀጭን ድምፅ ነበራት አልኳት፣ እያረፈች እያረፈች ነበር የምታለቅሰው። እስኪመሽ ድረስ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ እኔም እስኪመሽ ድረስ በአፌ ነገርኳት።